«ትፈዛለች» የተባለችው ልጅ፦ ከፅንስ እስከ ጉርምስና የተዘረጋ አንድ የጉዳይ ጥናት ከባሕር ዳር

ይህ የጉዳይ ጥናት በባሕር ዳር ከተማ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ለሥነ ልቦና ምክር ወደ እኔ የተላከችን አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ይመለከታል። ልጅቱ የተወለደችው በዘጌ ባሕረ ገብ ምድር ሲሆን፣ 6 ዓመት ሲሆናት ለትምህርት ተብሎ ባሕር ዳር ወደምትኖረው አክስቷ መጥታለች። እናቷና አክስቷ ታሪኩ ለሌሎች ወላጆችና መምህራን ትምህርት እንዲሆን ፈቅደዋል፤ ቤተሰቡን ለይቶ የሚያሳውቅ ዝርዝር ግን ሁሉ ቀርቷል።

ከመምህርቷ የመጣው ማስታወሻ አጭር ነበር። «ትፈዛለች፤ የተነገራትን አትይዝም፤ ከልጆች ጋር አትቀላቀልም፤ አእምሮዋ ዘገምተኛ ሳይሆን አይቀርም» ይላል። አክስቷ ደግሞ «እልኸኛ ናት፤ ስጠራት እየሰማች ዝም ትለኛለች» አሉ። ሁለቱም ያዩትን በትክክል ተናግረዋል፤ ነገር ግን ሁለቱም ዛሬ የሚታየውን ጠባይ ዛሬ ባለው ነገር ብቻ ሊፈቱት ሞክረዋል። በእኔ እምነት የአንድ ልጅ ጠባይ ሊነበብ የሚችለው ምን እንደደረሰበት ብቻ ሳይሆን በስንት ዓመቱ እንደደረሰበት፣ በዚያ ዕድሜው ነገሩን እንዴት ሊረዳው ይችል እንደነበርና ኋላም ሲያድግ እንዴት እንደገና እንደተረጎመው ሲታወቅ ነው። ስለዚህ ምርመራውን የጀመርሁት ከእርግዝናው ነው።

እናቷ ቡና ለገበያ ይዘው በጀልባ ወደ ከተማ በመጡበት ቀን ተገናኘን። እርግዝናው ሦስተኛቸው ነበር፤ እርጉዝ መሆናቸውን ያወቁት ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ በአምስተኛው ወር ገደማ ወባ ታመው በጤና ጣቢያ ታክመዋል። የእድገት ሥነ ልቦና ከፅንሰት እስከ ልደት ያለውን ጊዜ በሦስት ይከፍለዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የተዳቀለው ሕዋስ እየተባዛ በማሕፀን ግድግዳ ላይ የሚተከልበት ጊዜ ነው፤ ከ3ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ዋና ዋናዎቹ የአካል ክፍሎች ይሠራሉ፤ ከ9ኛው ሳምንት እስከ ልደት ደግሞ የተሠሩት አካላት ያድጋሉ፣ ሥራቸውንም ይለማመዳሉ። ኋላ ወደ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚለወጠው የነርቭ ቱቦ ከፅንሰት በኋላ በ28ኛው ቀን ገደማ ስለሚዘጋ፣ ቱቦው በደንብ እንዲዘጋ የሚረዳው ቫይታሚን፣ ፎሊክ አሲድ፣ ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ቢወሰድ ይመረጣል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ በዚያ ጊዜ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን ገና አያውቁም። ወባ በእርግዝና ወቅት እናትን ለደም ማነስ፣ ሕፃኑን ደግሞ ከክብደት በታች ሆኖ ለመወለድ ሊያጋልጥ ይችላል። ልጅቱ ግን ጊዜዋን ጨርሳ በጤና ጣቢያ ተወልዳለች፤ ወዲያው አልቅሳለች፤ በካርዷ ላይ የተመዘገበው ክብደቷም የዝቅተኛ ክብደት መለያ ከሆነው 2.5 ኪሎ ግራም በላይ ነው። ስለዚህ ወባው በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍር አደረግሁ እንጂ የችግሩ መነሻ አድርጌ አልወሰድሁትም።

የሕፃንነቷን ታሪክ ማውጣት ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር፤ ምክንያቱም «በስንት ወሯ ተቀመጠች፣ በስንት ወሯ ሄደች?» ተብሎ ሲጠየቅ ወሩን ቆጥሮ የሚመልስ እናት ጥቂት ነው። በዓላት ግን አይረሱም። ልጅቱ የተወለደችው በኅዳር ነው። በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ሰው ሲያጫውታት ትስቅ እንደነበር እናቷ ያስታውሳሉ፤ ለሰው ፊት የሚሰጠው ፈገግታ ብዙውን ጊዜ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ስለሚመጣ ይህ የሚጠበቅ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጥምቀት በእግሯ እየሄደች ታቦት ሸኝታለች፤ ይህም በ14 ወሯ መሆኑ ነው። ሁለተኛ ዓመቷን ከመሙላቷ በፊት ደግሞ «ውኃ ስጭኝ» እና «አባ መጣ» ትል ነበር። ከ18 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ልጆች ሁለት ቃላትን ማጣመር ስለሚጀምሩ፣ ይህ አንድ መልስ ብቻውን ብዙ ነገር ነገረኝ። ሳይሰማ በጊዜው አፉን የሚፈታ ልጅ የለምና ጆሮዋ ቢያንስ እስከ ሁለት ዓመቷ ይሰማ ነበር ማለት ነው። በተጨማሪም ቋንቋን ለመያዝ የሚያስችለው የአእምሮ ዝግጁነት አልጎደላትም። «ዘገምተኛ» የሚለውን ግምት መጠራጠር የጀመርሁት እዚህ ላይ ነው።

ቁመቷንም ለካሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው ቁመት በታች ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚደርስ የምግብ እጥረት በአንጎል ዕድገትና በኋላ በሚመጣው የትምህርት ውጤት ላይ ጥላ ስለሚጥል፣ በእኛ አካባቢ የሚሠራ ባለሙያ ይህን ሳይለካ ወደ ሌላ ምርመራ ባይሻገር እመክራለሁ። የልጅቱ ቁመት ከአማካዩ ትንሽ ቢያንስም ከመቀንጨር መስመር በላይ ነው።

ስለ ቁርኝት፣ ማለትም ሕፃን ከተንከባካቢው ጋር ስለሚመሠርተው ጽኑ የስሜት ትስስር፣ ጠየቅሁ። የዚህ ጽንሰ ሐሳብ አባት ጆን ቦውልቢ ነው፤ በመስክ መርምራ ያበለጸገችው ግን ሜሪ ኤይንስዎርዝ ስትሆን፣ የመጀመሪያ ምልከታዋን በ1950ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ያደረገችው በአሜሪካ ሳይሆን እዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ፣ በኡጋንዳ እናቶችና ሕፃናት መካከል ነበር። ሕፃን ተንከባካቢውን እንደ መተማመኛ ይዞ ዙሪያውን እንደሚያስስና ሲፈራ ወደ እርሷ እንደሚመለስ የተመለከተችው በዚያ ነው። የእኛ ልጅ ደግሞ ቡና በሚለቀምበት ወቅት በእናቷ ጀርባ ታዝላ፣ በሌላው ጊዜ በአያቷ እቅፍ ያደገች ናት። እናቷ «ከጀርባዬ ወርዳ ትንሽ ትሄድና ዞር ብላ ታየኛለች፤ ካየችኝ ትቀጥላለች» ሲሉ ያልተናወጠ ቁርኝት ምን እንደሚመስል ማንም መጽሐፍ ሊገልጸው ከሚችለው በላይ ገለጹልኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገሮች ደረሱ። የመጀመሪያው የጆሮ ሕመም ነው። ሦስት ዓመት ሲሆናት ጉንፋን በያዛት ቁጥር ጆሮዋ መግል መፍሰስ ጀመረ፤ በቤት የተገኘው ሁሉ ተደረገላት፣ ሲሻላት ተተወ፣ እንደገና ጀመረ። ሁለተኛው መለየቱ ነው። በ6 ዓመቷ አንድ ጠዋት ከአክስቷ ጋር በጀልባ ተሳፍራ ወደ ከተማ መጣች፤ «ትምህርት ቤት ትገቢያለሽ» ከመባል በቀር የተነገራት ነገር አልነበረም። ዘመድ ዘንድ ልጅን ለትምህርት መስጠት በአካባቢያችን የታወቀ፣ ብዙ ጊዜም የፍቅርና የመሥዋዕትነት ሥራ ነው፤ እኔም አልነቅፈውም። ጥያቄው ለልጁ ምን ይነገረዋል፣ ልጁስ በዚያ ዕድሜው ምን ይገባዋል የሚለው ነው።

የልጆችን አስተሳሰብ ያጠናው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ከ2 እስከ 7 ዓመት ባለው ደረጃ የሚገኝ ልጅ ዓለምን ከራሱ አቅጣጫ ብቻ እንደሚያይና ሁለት ነገሮች ተከታትለው ከተፈጸሙ አንዱን የሌላው ምክንያት አድርጎ እንደሚወስድ አስተውሏል። በሥዕል እያጫወትሁ ስለ ቤቷ በጠየቅኋት ጊዜ ልጅቱ ጀልባና ሁለት ልጆች ሣለች፤ ትንሹን ልጅ «ወንድሜ ነው» አለች። ቆይታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «መትቼው አለቀሰ፤ ከዚያ እማዬ ሰደደችኝ» ብላ ነገረችኝ። እናቷ ይህን ሲሰሙ ደነገጡ፤ ልጅቱ ወንድሟን የመታችው ከመሄዷ በፊት በዚያው ሳምንት ነበር፤ ማንም ግን ልብ አላለውም። እርሷ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ራሷን እንደ ተቀጣች ልጅ ስትቆጥር ኖራለች።

ከዚህ በኋላ ወደ ማሰብ ችሎታዋ ምርመራ ገባሁ። ፒያዤ የመጠን ቋሚነት የሚለውን ለመፈተን የተጠቀመበት መንገድ ቀላል ነው። በሁለት እኩል ብርጭቆዎች እኩል ውኃ ከተቀዳ በኋላ የአንዱ ውኃ ወደ ቀጭንና ረዥም ዕቃ ይገለበጣል፤ አምስትና ስድስት ዓመት ያለው ልጅ ብዙውን ጊዜ ከፍ ብሎ የሚታየውን «ይበልጣል» ይላል፤ ሰባትና ስምንት ዓመት ሲደርስ ግን መጠኑ እንዳልተለወጠ ይረዳል። ልጅቱ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስጠይቃት «ያው ነው፤ ምንም አልጨመሩበትም፤ ቢመልሱትም እኩል ይሆናል» አለችኝ። አንድን ድርጊት በሐሳብ ወደ ኋላ መመለስ መቻል፣ ፒያዤ ከ7 ዓመት ገደማ በኋላ ይመጣል ያለው የተጨባጭ አስተሳሰብ ደረጃ ዋና ምልክት ሲሆን፣ መልሷም ያለ ማመንታት የመጣ ነበር። ቀጥሎ ውኃውን ለመድፋት ጀርባዬን ሰጥቼ ሌላ ጥያቄ ስጠይቃት መልስ አልነበረም። ደገምሁት፤ አሁንም ዝም አለች። ፊቴን መልሼ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ድምፅ ስጠይቃት ዓይኗን ከከንፈሬ ሳትነቅል ወዲያው መለሰች።

ከዚያ የቃል ጽሕፈት ሰጠኋት። ከመጽሐፍ ስታነብ ፊደል አትስትም ነበር። ስትጽፍ ግን «ቀለም» ያልሁትን «ከለም»፣ «ጠላ» ያልሁትን «ተላ»፣ «ጨው» ያልሁትን «ቸው» ብላ ጻፈች። አማርኛ ከ እና ቀን፣ ተ እና ጠን፣ ቸ እና ጨን በሚለየው በአጭር የጉሮሮ ግፊት ላይ ስለሚመሠረት፣ ጆሮው በመጠኑ የደከመ ልጅ አናባቢውን ሰምቶ ተነባቢውን ያጣል። እንዲህ ያለ ልጅ ጨርሶ ደንቆሮ ስላልሆነ ሲጠሩት አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ አይሰማም፤ አክስቷ «እየሰማች ዝም ትለኛለች» ያሉትም፣ መምህርቷ «ትፈዛለች» ያሉትም ይህንኑ ነበር። በሐኪም ቤት የተደረገው ምርመራ ሁለቱም የጆሮ ታምቡሮች መቀደዳቸውን፣ የመስማት ጉድለቱም ከ30 እስከ 45 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ባለው ክልል ውስጥ መሆኑን አሳየ። የተለመደ ንግግር ወደ 60 ዴሲቤል ይጠጋል፤ ከ60 በላይ ልጆች በሚንጫጩበት ክፍል በኋለኛው ረድፍ ለተቀመጠች ልጅ የመምህሯ ድምፅ ቁርጥራጭ ሆኖ ነው የሚደርሳት።

ችግሩ ጆሮ ብቻ ነው ብሎ መደምደም ግን ሌላ ስሕተት ይሆን ነበር። የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለውን ጊዜ ልጅ ሠርቶ ማሳየትን የሚማርበት፣ ካልተሳካለትም የበታችነት ስሜት የሚያድርበት ደረጃ ብሎታል። ልጅቱ በዚህ ደረጃ ደጃፍ ላይ ሳለች ነው ከእናቷ የተለየችው፣ ክፍል የደገመችው፣ በልጆች ስም የወጣላት። የጆሮው ጉድለት ትምህርቱን አከበደባት፤ «ተቀጥቼ ነው የተሰደድሁት» የሚለው እምነት ደግሞ አለመሳካቱን የሚገባት ነገር አስመሰለባት። እጅ አውጥታ ጠይቃ አታውቅም ነበር። ይህን የሁለቱን ነገሮች መጋጠም ነው «ዘገምተኛ» የሚለው ቃል የሸፈነው።

የመማር አቅሟን ለማወቅ የሥነ ልቦና ሊቁን የሌቭ ቪጎትስኪን ሐሳብ ተጠቀምሁ። ቪጎትስኪ ልጅ ብቻውን የሚሠራውንና ከእርሱ የተሻለ ሰው ሲያግዘው የሚሠራውን ለይቶ መካከላቸው ያለውን ርቀት የቅርብ ዕድገት ክልል ብሎታል። ልጅቱ ብቻዋን ስትፈተን በሒሳብ ከክፍሏ በታች ነበረች፤ ፊቷን እያየሁ በቡና ፍሬ ማስቆጠር ስጀምርላት ግን በዚያው ቀጠሮ በመቀነስ ጊዜ ከጎረቤት አሃዝ መበደርን ጨርሳ ተረዳች፤ በሚቀጥለው ጊዜም ያለ እኔ ሠራችው። ክልሉ ሰፊ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ በተሰጠ ፈተና የልጅን አእምሮ መፈረጅ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳኝ ጉዳይ አላጋጠመኝም።

የእርዳታው ዕቅድ በሕክምናው ይጀምራል፤ ጆሮው በንጹሕ ጨርቅ ጥቅል እየደረቀ ሐኪም ያዘዘው የጆሮ ጠብታ ተደረገላት፤ ጆሮዋ ውኃ እንዳይነካውም ታዘዘ። እዚህ ላይ አንድ ጉዳይ ተነሣ። አክስቷ በየጠዋቱ ፀበል ይወስዷት ነበርና ማቋረጡን አልፈለጉም። የንስሐ አባታቸውን አነጋገርን፤ እርሳቸውም ፀበሉን እንድትጠጣና ከአንገቷ በታች ብቻ እንድትረጭ፣ በሚረጩበትም ጊዜ ጆሮዋ ቫዝሊን በተቀባ ጥጥ እንዲደፈን ተስማሙ። አክስቷ በዚያ ቀን ፊታቸው ሲፈታ አየሁ፤ እምነታቸው ስላልተነካ የሐኪሙን ትእዛዝ በሙሉ ልብ ፈጸሙ። መግሉ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቆመ፤ የግራው ታምቡር ውሎ አድሮ ሲዘጋ የቀኙ ሳይዘጋ ቀረ።

በትምህርት ቤቱ ልጅቱ በመጀመሪያው ረድፍ፣ የተሻለ የሚሰማው ጆሮዋ ወደ መምህርቷ በሚሆንበት በኩል እንድትቀመጥ ተደረገ፤ መምህርቷም ወደ ሰሌዳ ዞረው ሲጽፉ እንዳያስረዱ ተነጋገርን። የሥነ ልቦና ሊቁ ዩሪ ብሮንፈንብሬነር በ1979 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ ልጅ የሚኖርባቸው ስፍራዎች፣ ማለትም ቤትና ትምህርት ቤት፣ እያንዳንዳቸው ብቻ ሳይሆኑ በመካከላቸው ያለው ግንኙነትም ዕድገቱን እንደሚወስን አስረድቷል። በዚህ ጉዳይ የዘጌው ቤት ስለ ጆሮው ያውቅ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ስለ ውጤቱ ያውቅ ነበር፤ አክስቷ ስለ ዝምታዋ ያውቁ ነበር፤ ሦስቱ ግን አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። እናቷ ለገበያ በሚመጡበት ጊዜ ወደ ትምህርት ቤቱ ጎራ እንዲሉ መስማማታችን ከሁሉም ርካሹ መፍትሔ ነበር፤ ከሁሉም ያልተጠበቀ ለውጥ ያመጣውም እርሱ ነው። ስለ ወንድሟም እናቷ ራሳቸው ነገሯት፤ «ስለመታሽው አይደለም፤ እንዲያ ብዬሽ አላውቅም» ብለው። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ «እሺ» ብቻ አለች። በዓመቱ መጨረሻ ወደ ሦስተኛ ክፍል አለፈች።

ጉዳዩ እዚህ ቢዘጋ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን 13 ዓመት ሲሞላት አክስቷ እንደገና መጡ። «ጥጋብ ይዟታል፤ ለፋሲካ ወደ እናቷ አልሄድም ብላ ቀረች» አሉ። የሴቶች የጉርምስና አካላዊ ለውጥ በአብዛኛው ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ የልጅቱም በጊዜው ነበር፤ የወር አበባዋን ነገር ከአክስቷ ሳይሆን ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ነው የሰማችው። ከአካሉ ይልቅ እኔን የሳበኝ ግን የአስተሳሰቧ መለወጥ ነው። ፒያዤ ከ11 እና 12 ዓመት ጀምሮ ልጅ ያለውን ብቻ ሳይሆን ሊሆን ይችል የነበረውንም ማሰብ እንደሚጀምር ገልጿል። ልጅቱ እንዲህ አለችኝ፦ «ወንድሜን ስለመታሁት እንዳልሆነ ገብቶኛል። ግን ታላላቅ እህቶቼ አልተሰጡም። እዚያም ትምህርት ቤት አለ። ታዲያ ለምን እኔ? እዚያ ብቀር ኖሮ ጆሮዬን ማን ያስታውሰው ነበር ይሉኛል፤ እዚህ ባልመጣ ኖሮ ግን ደንቆሮ የሚለኝም አልነበረም።»

በ6 ዓመቷ ቅጣት መስሎ የታያት መለየት በ9 ዓመቷ ማብራሪያ አግኝቶ ዐርፎ ነበር፤ በ13 ዓመቷ ግን የፍትሕ ጥያቄ ሆኖ ተመለሰ። ይህ የሕክምናው መክሸፍ አይደለም፤ ጥጋብም አይደለም። ለ9 ዓመት ልጅ የተሰጠ መልስ ለ13 ዓመት ልጅ ጥያቄ አይበቃም። ኤሪክሰን በዚህ ዕድሜ «እኔ ማን ነኝ?» የሚለው ጥያቄ ዋናው ሥራ እንደሚሆን ያስረዳል፤ የማን ልጅ እንደሆነች፣ የዘጌ ይሁን የባሕር ዳር፣ ለምንስ እንደተመረጠች ሳታውቅ ይህን ጥያቄ ልትመልሰው አትችልም። ያለፈ ነገር ተነግሮ ያልቃል ብለን የምናስብ ወላጆችና አማካሪዎች ልጁ አዲስ የማሰብ አቅም ባገኘ ቁጥር ያንኑ ታሪክ እንደገና እንደሚጠይቅ መጠበቅ ይኖርብናል።

እናትና ልጅ በእኔ ቢሮ ተገናኙ። እናቷ መጀመሪያ «ለትምህርትሽ ብዬ ነዋ» አሉ፤ ልጅቱ ዝም አለች። ከዚያ ቆየት ብለው ከዚያ በፊት ለማንም ያልተናገሩትን ተናገሩ፤ በዚያ ዓመት የቡናው ምርት ቀንሶ እንደነበር፣ አባቷ ታመው እንደነበር፣ አክስቷም አንዲት ልጅ ብቻ ማስተማር እንደሚችሉ ነግረዋቸው እንደነበር። «ከሁላችሁ አንቺ ነሽ ቶሎ የምትይዥው፤ እህቶችሽ የነገርኋቸውን ሲረሱ አንቺ መልሰሽ ትነግሪኝ ነበር። ማራቁንማ መች ወደድሁት» አሉ። ልጅቱ «ታዲያ ይህን ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?» ብላ ጠየቀች፤ ቀጥላም ክረምቱን የት እንደምታሳልፍ ራሷ እንድትመርጥ እንዲፈቀድላት ጠየቀች። እናቷም አክስቷም ተስማሙ። በዚያ ክረምት ዘጌን መረጠች፤ በመስከረም ለትምህርት ተመለሰች።

አሁን በክትትል ላይ ያሉት ጉዳዮች ሦስት ናቸው። የቀኝ ጆሮዋ ታምቡር በቀዶ ሕክምና ሊጠገን ይችል እንደሆነ ቀጠሮ ተይዞላታል። መምህራን በየዓመቱ ስለሚቀያየሩ፣ የመቀመጫዋንና የመስማቷን ነገር የሚገልጽ አንድ ገጽ ማስታወሻ በተማሪ ማኅደሯ ውስጥ ተቀምጦ በየመስከረሙ ለአዲሱ የክፍል ኃላፊ እንዲሰጥ ተደርጓል። አክስቷ ደግሞ አብረዋት ለሚኖሩት ሌላ የዘመድ ልጅ፣ ለ7 ዓመቱ ወንድ፣ ከቤቱ ለምን እንደመጣ ምን ብለው እንደሚነግሩት ሊመካከሩኝ ቀጠሮ ይዘዋል።